ነጥብ ያለበትን አትንካ

ወንድሜ ባይሆን ኖሮ ያን ቀን አናቱን በመፍቻ ነበር የምለው። ወንድሜ ሆኖም የተረፈው ለጥቂት ነው።

አስር ቀን ቆይቼ መመለሴ ነበር። ሻንጣዬን እንኳ ከእጄ አላወረድኩም። መኪናዬ ጋራዡ ውስጥ በሁልጊዜው ቦታዋ፣ ከመስኮቱ ስር ቆማለች፤ ታጥባ፣ ተወልውላ፣ መስታወቷ ሳይቀር ያብረቀርቃል። እዚህ ላይ ነው የነቃሁት። ወንድሜ ልጅ ሳለ ብርጭቆ ሲሰብር ቤቱን በሙሉ ጠርጎ ነበር የሚጠብቀን። ያለ ወትሮው የጸዳ ነገር ሳይ "ምን ተሰበረ?" ማለት የጀመርኩት ከዚያን ጊዜ ወዲህ ነው። ኮፈኑን ከፈትኩት።

ከሞተሩ ጎን፣ የጭሱ መስመር ከሚነሳበት ቦታ፣ የቀንድ አውጣ ቅርፊት የመሰለች ብረት ተለጥፋለች። ከእሷ አዲስ ቱቦ ይወጣል፣ ወደ እሷ አዲስ ቱቦ ይገባል፣ በስሯ ደግሞ ቀጭን የዘይት መስመር ዞሮ ይሄዳል። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከእኔ በቀር ሰው ያልነካው ሞተር ላይ!

"ፉጨት!"

ከአንድ መኪና ስር ተንሸራቶ ወጣ። ፉጨት ያልነው ጥርስ ሳያወጣ ማፏጨት ስለጀመረ ነው። አሁን ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። ሲሰራ ያፏጫል፣ ሲበላ ያፏጫል፣ ሲፈራ ግን ጭጭ ይላል። ጭጭ አለ።

"ይሄ ምንድነው?"

"ቱርቦ ናት፣ እትዬ።"

"ቱርቦ መሆኗንማ ዓይን አለኝ! የእኔ መኪና ውስጥ ምን ትሰራለች ነው የምልህ!"

"ትንሽ ናት። ከአንዲት ሚጢጢዬ መኪና ላይ ነው የፈታኋት። ግፊቷ ከስድስት አይበልጥም። ሌሎቹኮ አስራ አምስት፣ ሃያ ይጭናሉ። ይህቺ ስድስት ብቻ ናት።"

ብቻ! ይሄ ልጅ "ብቻ" የምትለዋን ቃል ሲናገር ደሜ ይፈላል። "ትንሽ ብቻ ነው የዘገየሁት።" "ለአንድ ቀን ብቻ ነው የተዋስኩት።" አሁን ደግሞ ስድስት ብቻ።

ለማያውቅ ልንገር። የእኔ መኪና በራሷ ትንፋሽ የምትሰራ ናት። የምትፈልገውን ያህል አየር ራሷ ትስባለች፣ በሳበችው ልክ ትሄዳለች። ቱርቦ ማለት ደግሞ የሚወጣው ጭስ የሚያሽከረክራት መዘውር ናት፤ ስትሽከረከር ንጹህ አየር እየጨመቀች ሞተሩን በግድ ታጎርሰዋለች። ጉልበት ይጨምራል፣ አዎ። ጠግቦ የማያውቅን ሆድ በግድ ስታጎርሰው ግን የሚሆነውን ሁላችንም አይተናል። ለዚያ ተብሎ የተሰራ ሞተር ሌላ ነው፤ ፒስተኑም ሌላ፣ አጥንቱም ሌላ።

"ማን ፈቀደልህ?"

"ስጦታ እንዲሆንልሽ ብዬ ነው።"

"ስጦታ ሽቶ ነው! ስጦታ ጫማ ነው! የሰው ሞተር በርግዶ ስጦታ የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም።"

"ለዳገቱ ይጠቅምሻል ብዬ..."

"ዳገቱን አስራ ዘጠኝ ዓመት ስወጣው ማን ገፍቶኝ ነበር? አንተ ነህ?"

መሬት መሬት ያይ ጀመር። ሲቆጡት ከመመለስ ይልቅ ዝም ማለቱ ጨጓራዬን ይልጠዋል። ሁሌም ይሄው ነው። ብቻዬን እየጮህኩ፣ ድምፄን እኔው ስሰማው፣ ዞሮ ዞሮ ጥፋተኛ የምመስለው እኔ ነኝ።

እዚህ ጋራዥ ውስጥ አንድ ህግ አለ። ህጉን ያወጣው ሟቹ አባታችን ነው። አንድ ሰው ብሎን አጥብቆ ሲጨርስ፣ በቀጭን ብሩሽ ግማሹ ብሎኑ ላይ፣ ግማሹ ብረቱ ላይ እንዲያርፍ አድርጎ አንዲት የቀለም ነጥብ ያኖራል። ነጥቧ "እኔ አጥብቄዋለሁ፣ በእኔ ይሁንባችሁ" ማለት ናት። የአባታችን ነጥብ ቀይ ነበረች። የእኔ ቢጫ ናት፣ የፉጨት ነጭ። ነጥብ ያለበት ብሎን ላይ ሌላ ሰው መፍቻ አያሳርፍም። "እስቲ ልየው" ብሎ መሞከር እንኳ ባለ ነጥቡን ውሸታም ማለት ነው። አንድ ጊዜ አንድ ተቀጣሪ የአባታችንን ቀይ ነጥብ በመፍቻ ሲፈትሽ ተይዞ፣ አባባ አንድም ቃል ሳይናገር የሰውየውን ጃኬት ከመስቀያው አውርዶ በእጁ ሰጠው። ሰውየው ገብቶት ሄደ።

ስለዚህ ከዚህ ጋራዥ የሚወጣ መኪና ሁሉ ቢጫ ነጥብ ይዞ ነው የሚወጣው። እኔ የማጠብቀው ደግሞ በእጄ ነው። ፉጨት የዛሬ ሁለት ዓመት አንድ ረጅም መፍቻ ይዞ መጣ፤ ልኩ ሲደርስ "ቀጭ" የምትል። "እትዬ፣ ይህቺ ልኩን ትነግርሻለች" አለኝ። "እጄ አይነግረኝም?" አልኩት። "ከእጅ አይሻል ዶማ!" ብዬ ሰደድኩት፤ ከዚያ ወዲህ ቀጭ እያደረገ የሚሰራው እሱ ብቻ ነው። ባለፈ ቁጥርም "ቀጭ ቀጭ፣ ምስጥ ገባ" እያልኩ አላግጥበታለሁ።

ጉራዬ ይሄን ያህል ነበር። አሁን ደግሞ እውነቱን ልናገር። ያን አስር ቀን አክስቴ ጋ ነኝ ብዬ ነው የሄድኩት። አክስቴ ጋ ማደሬስ እውነት ነው። የሄድኩት ግን እሷ ከተማ ላለ የነርቭ ሐኪም ቀኝ እጄን ላሳይ ነበር።

ዓመት ሊሞላው ነው። አውራ ጣቴ፣ ሌባ ጣቴና መሀል ጣቴ ይደነዝዛሉ። ጠዋት ሸሚዜን ስቆልፍ ቁልፉን ካላየሁት አላገኘውም። ሐኪሙ ጣቴን በመርፌ ጫፍ እየነካ "ይሰማሻል?" ይለኛል፤ እኔ መርፌውን እያየሁ "አዎ" እላለሁ። ነቄ ነበር መሰለኝ፣ እጄን በወረቀት ጋረደና "አሁንስ?" አለኝ። መቼ እንደነካኝ አላወቅኩም። የአውራ ጣቴ ስር መጎድጎዱን አሳየኝ፤ ሥጋው ሟሽሿል። በቀዶ ጥገና ቢከፈት ድንዛዜው ይቀንስ ይሆናል፣ የሄደው ጉልበት ግን መመለሱ ያጠራጥራል አለኝ። "ስራሽ ምንድነው?" ብሎ ሲጠይቀኝ "መካኒክ" አልኩት። እስክሪብቶውን አስቀመጠ። እንደዚያ ሲያስቀምጠው ልሰድበው ምንም አልቀረኝም ነበር። የጻፈልኝን ወረቀት አራት አጥፌ ከሻንጣዬ ስር ወተፍኩትና ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ቢጫ ነጥቤ ካልታመነች እኔ እዚያ ጋራዥ ውስጥ ምንድነኝ? ወንበር ላይ ተቀምጣ ደንበኛ የምታዋራ ሴትዮ!

እንግዲህ ይህን ሁሉ ሆዴ ውስጥ ይዤ ነው ያቺን ቀንድ አውጣ ያየኋት።

"ፍታት" አልኩት።

"እሺ። ግን አንዴ ዳገቱን ሞክሪያት። አንዴ ብቻ።"

"ብቻ" አለ ደግሞ! ቁልፉን ነጥቄው ገባሁ። እሱ ከጎኔ ተቀመጠ።

ቤቴ ከዳገቱ አናት ላይ ነው፣ ጋራዡ ከስሩ። ዳገቱ ሦስት መታጠፊያ አለው። መጀመሪያው ላይ ከሦስተኛ ማርሽ ወደ ሁለተኛ ትወርዳለህ። ሁለተኛው ላይ፣ ከፊትህ የጭነት መኪና ካለ፣ ወደ አንደኛ። ከዚያ መልሰህ ሁለተኛ። ከዚያ ደግሞ አንደኛ። ባለፉት ወራት ያን የማርሽ ዱላ ስይዝ የያዝኩት ዱላ ይሁን አየር አላውቅም ነበር። ሰው ካላየኝ ግራ እጄን አሻግሬ ነው የምቀይረው፣ መሪውን በጉልበቴ ደግፌ። ሰው ካየኝ ጥርሴን ነክሼ።

በሦስተኛ ገባንበት። መጀመሪያው መታጠፊያ ደረሰ፤ በልማድ እጄን ወደ ማርሹ ሰደድኩ። "ተያት" አለኝ ፉጨት። ነዳጅ ረገጥኩ። ቀጭን ፉጨት ተሰማኝ፤ እሱ መስሎኝ ዞር ስል አፉ ገጥሟል። ቀንድ አውጣዋ ናት። ዳሽቦርዱ ላይ የለጠፋት ትንሽ መለኪያ መርፌዋ ቀስ ብላ ወጥታ ስድስት ላይ ቆመች፤ መኪናዋ ደግሞ፣ ያቺ አሮጊት፣ ሳትንተፋተፍ፣ ሳትለምን፣ ሽቅብ ሄደች። ሁለተኛው መታጠፊያ፣ በሦስተኛ። ሦስተኛው፣ በሦስተኛ። እላይ ስንደርስ እጄ ከመሪው አልተነሳም ነበር።

ደስ አለኝ። ደስ ስላለኝ ይበልጥ ተናደድኩ። ዞር ብዬ ሳየው ፉጨት መለኪያዋን አያይም፣ መንገዱንም አያይም። ቀኝ እጄን ነው የሚያየው።

"እጄን ምን ታያለህ?"

"አይ... ዝም ብዬ ነው።"

"ስማ" አልኩት፣ "አንድ ሳምንት ትቆይ። ሞተሬ አንዲት ያልለመድኳትን ድምፅ ካሰማች ግን፣ አንተም ቀንድ አውጣህም ከጋራዡ ትወጣላችሁ። የእናቴን ልጅ አባረርኩ ብዬ እንቅልፍ አላጣም።"

"እሺ፣ እትዬ።"

አራተኛው ቀን ላይ ነው። ጠዋት፣ ለመለዋወጫ ወርጄ ወደ ቤት ስመለስ፣ ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ። መጀመሪያ የሆነ ነገር ቀጨጭ አለ፤ ቀጥሎ በመዶሻ የተመታ በርሜል የመሰለ ድምፅ ወጣና ሞተሩ ድርግም ብሎ ጠፋ። መሪው ደረቀ። በእጅ ፍሬን ይዤ ቆምኩ። ከኋላዬ ያለው ሁሉ ጥሩንባውን ለቀቀው። ቁልፉን ሳዞር ሞተሩ ያለ ምንም ሸክም ቱር ቱር ብሎ ዞረ፤ ይህን ድምፅ የሰማ መካኒክ ተስፋ አያደርግም። ቫልቮቹ ተጣመዋል ማለት ነው።

ተጎትቼ ጋራዡ ደጃፍ ስደርስ ፉጨት ቆሞ እየጠበቀኝ ነበር። ኮፈኑን ከፈተ። ቱርቦዋን አልነካም። ቀጥ ብሎ ወደ ሌላው ጎን ሄደና የቺንጋውን ክዳን አነሳ፤ ፒስተኑንና ቫልቮቹን እኩል የሚያስኬደው ጥርሳም ቀበቶ ማለት ነው። ባትሪውን አብርቶ ጎንበስ አለ። ቆየ። ቀና ሲል ፊቱ ልውጥ ብሏል።

"እትዬ" አለኝ ቀስ ብሎ፣ "ነጥቡን አይተሽዋል?"

አበቃ። ከዚያ በኋላ ያልኩትን ሁሉ ባልናገረው ደስ ይለኛል።

"ነጥብ! ለእኔ ስለ ነጥብ ልታስተምረኝ ነው? ነጥቦችህን ሁሉ ነጭ ነጭ አድርገህ ደርድረህ 'አጥብቄያለሁ' ልትለኝ ነው? ቱርቦህ ሞተሬን አንቆ ቺንጋውን አዘለለው! በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ! አባባ ቢኖር ጃኬትህን ነበር የሚሰጥህ!"

"እትዬ፣ አንዴ ብቻ ጎንበስ ብለሽ..."

"ብቻ አትበለኝ!"

የመሳሪያ ሳጥኑን እኔው ራሴ ላወጣለት ሄድኩ። በቀኝ እጄ መያዣውን ጨብጬ ወደ ላይ ሳብኩ። ሳጥኑ ተነሳ፣ ጣቶቼ ግን ሳላዛቸው ተከፈቱና ወለሉ ላይ ፈረጠ። እንደገና አነሳሁት። እንደገና ወደቀ። ሦስተኛውን ልሞክር ስል ፉጨት መጥቶ መያዣውን ከእጄ ቀስ አድርጎ ወሰደው። የራሱን ሳጥን ራሱ ተሸክሞ ወጣ። የማባርረውን ሰው እንኳ ማባረር አቅቶኝ እሱው ረዳኝ ማለት ነው። ከዚህ የበለጠ ምን ያናድዳል?

እሁድ ጠዋት በሩን ከውስጥ ዘግቼ ሞተሩን ከፈትኩት። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና የፉጨትን ጥፋት ከነሥሩ ነቅዬ ደጁ ላይ ልጥልለት ነው ሐሳቤ። ከቱርቦው ጎን ጀመርኩ። ወደ ቺንጋው ጎን አልሄድኩም። እሱንማ ወደ አክስቴ ልሄድ አንድ ቀን ሲቀረኝ እኔው ራሴ ቀይሬ፣ ወጥሬ፣ ነጥቤን አኑሬበት ነው የሄድኩት። ነጥብ ያለበት አይነካም።

የዘይቱን መስመር ፈታሁ። አንድ ጠብታ አላፈሰሰም። ቱርቦዋ የተቀመጠችበትን ብየዳ በመስታወት አየሁ፤ ከእኔ ብየዳ ይሻላል። ካንዴላዎቹን አወጣሁ። ተጨማሪ ግፊት የሚችሉ፣ የማይግሉ ካንዴላዎች መርጦ ቀይሯል፤ ቀለማቸው ፈዘዝ ያለ ቡናማ፣ መጽሐፍ ላይ የሚሳለው ዓይነት። ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ጊዜ በልኩ ዘግየት አድርጎታል። ግፊቷን የሚቆጣጠረውን ሽቦ ስድስት ላይ አሽጎ በቀለጠ እርሳስ አትሞበታል፤ እኔ ሰነፍ ሆኜ ወይ ሌላ ሰው ጅል ሆኖ ከፍ እንዳያደርጋት። ነጫጭ ነጥቦቹ አንዳቸውም አልተላወሱም። ለመፍታት ግራ እጄን ተጠቅሜ፣ መፍቻው ላይ ረጅም ቧንቧ ሰክቼ፣ በሙሉ ክብደቴ ተንጠልጥዬበት ነው እሺ ያሉኝ። እያንዳንዷ ብሎን ስትለቅ "ይህቺ ናት!" እላለሁ። አይደለችም። ምሳ ሳልበላ ሰዓቱ ሄደ። ከወንድሜ ስራ ውስጥ ስህተት ማጣቴን እንደ ስድብ ነበር የቆጠርኩት።

በመጨረሻ የቀረኝ አንድ ጎን ነው። ክዳኑን አነሳሁና ባትሪ አበራሁ።

የቺንጋው መወጠሪያ ብሎን ላይ ቢጫ ነጥቤ አለች። ለሁለት ተከፍላለች። አንዷ ግማሽ ብረቱ ላይ፣ እኔ ያኖርኳት ቦታ ቁጭ ብላለች። ሌላዋ ግማሽ ከብሎኑ ጋር ዞራ ሩቅ ሄዳለች። ግራ እጄን ሰድጄ ብሎኗን በሁለት ጣት ነካሁ። ያለ መፍቻ ዞረች።

ከዚህ በላይ የሚታይ ነገር አልነበረም። ብሎኗ ላልታ፣ መወጠሪያው ሸሽቶ፣ ቺንጋው ረግቦ ጥርስ ዘሏል። ቱርቦ ኖረም አልኖረም ይሄ ሞተር ያችን ሳምንት አይሞላም ነበር።

ግን አጥብቄያታለሁ! ይሄ ነው ያሳበደኝ። እንደ ዘነጋ ሰው አይደለም፤ አስታውሰዋለሁ። ትከሻዬ እስኪያመኝ ነው ያጠበቅኳት። አቃስቼ ነበር። እጄ "በቃ፣ ደርሷል" ብላኝ ነበር፣ እንደ ሁልጊዜዋ።

አንዲት ብሎን ብረት በሚነክሰው ሞርሳ ላይ አሰርኩ። በቀኝ እጄ፣ በምችለው ሁሉ፣ እጄ "በቃ" እስክትለኝ አጠበቅኳት። ከዚያ ተራመድኩና የፉጨትን ረጅም መፍቻ ከግድግዳው አወረድኩ፤ ትቷት ሄዶ ነበር። ልኳን ሞልቼ ብሎኗ ላይ አሳረፍኳትና በግራዬ ገፋሁ። ዞረች። ዞረች። ዞረች። ግማሽ ዙር ሄዳ ነው "ቀጭ" ያለችው።

ደግሜ ሞከርኩ። ግማሽ ዙር። ሦስተኛ ጊዜ እየጮህኩ ነው ያጠበቅኩት፣ እጄን በስሟ እየሰደብኩ። ግማሽ ዙር።

የሚሰማኝ ሰው አለመኖሩን አረጋግጬ አለቀስኩ። የንዴት ለቅሶ ነው፤ ሌላ ስም እንዳትሰጡት። ሠላሳ ዓመት ያጎረሰችኝ እጅ ዋሸችኝ፣ እኔም አምኜያት ወንድሜን አባረርኩ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ሲባል ስቄ አውቃለሁ፤ ለካ ለእኔ ነው የተተረተው።

ፉጨት ያለው ብየዳ ቤት ነው ብለውኛል፤ ከጋራዡ ሁለት መንገድ ወዲያ፣ ሰው ሁሉ ቆርጦ-ቀጥል የሚለው ሰውዬ ግቢ። በማግስቱ ጠዋት ብሎኗን ኪሴ ከትቼ ሄድኩ። ቆርጦ-ቀጥል መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ በሩ ላይ ተቀበለኝ። አፉ ከብየዳው የባሰ የሚረጭ ሰው ነው።

"እህት ዓለም! ቱርቦዋ እንዴት ናት? ብየዳዋን አየሽልኝ? ሦስት ሌሊት ነው ያስፈጀኝ ይሄ ወንድምሽ። 'ዳገቱን በሦስተኛ ካልወጣች አልተቀበልኩህም' እያለ። ለምን ትቸኩላለህ፣ ማርሽ መቀየር ምን ገደላት ስለው 'እጇን ያማታል፣ ማርሽ እንዳትነካ ነው፤ ደግሞ ለእሷ እንዳትነግራት' አለኝ።" እዚህ ላይ ቆመ። አፉን በእጁ ያዘ። "ወይኔ" አለ።

ከኋላው ፉጨት የብረት ቱቦ ተሸክሞ ቆሟል። ቆርጦ-ቀጥል ሁለታችንንም አየና ጋዙን ልዝጋ ብሎ ሹልክ አለ።

ብሎኗን ከኪሴ አውጥቼ ያዝኩለት። ቢጫው ግማሽ ነጥብ አሁንም አናቷ ላይ አለ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?" አልኩት።

"እጅሽን? ከአምና ጀምሮ። መሪውን በጉልበትሽ ስትይዢ አይቼሽ።"

"ነጥቡንስ?"

"የዚያን ለት። ተጎትታ ስትመጣ።"

"ታዲያ ለምን አልጮህክም! አፍ የለህም? 'የአንቺ ብሎን ናት' አትለኝም? ስሰድብህ፣ ሳጥንህን ስወረውር፣ ቆመህ ታየኛለህ? ምን ዓይነት ሰው ነህ አንተ!"

ቱቦውን አስቀመጠ። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በቁጣ ሲያየኝ አየሁት።

"እኔን ነው የምትቆጪው?" አለኝ። "ቱርቦዋን ስገጥም ያን ክዳን ከፍቼዋለሁ። ቢጫ ነጥብሽን አየኋት። መፍቻዬን ይዤ ነበር፣ እትዬ። በእጄ ይዣት ነበር! እጅሽ እንደደከመ አውቃለሁ፣ ለዚያው ለእጅሽ ብዬ ቱርቦ እየገጠምኩልሽ ነው፣ እዚያው ብሎን ላይ ግን መፍቻ ማሳረፍ ፈራሁ። ነጥብ ያለበትን አትንካ ብላችሁ ነው ያሳደጋችሁኝ። ውሸታም እንዳልልሽ ብዬ ክዳኑን መልሼ ገጠምኩት። ስትጮሂብኝ ዝም ያልኩት ጥፋቱ የእኔም ስለሆነ ነው። ዳገቱ ላይ ፍሬን ባይዝልሽስ ኖሮ?"

እኔ መልስ ሳጣ የማደርገውን አደረግሁ፤ ጮህኩ።

"ሳጥንህን ያዝ! ቤት እንሂድ!"

ቫልቮቹን ለመቀየር፣ የሞተሩን ራስ ለማስተካከል ሦስት ሳምንት ፈጀብን። ቱርቦዋን እኔው ነኝ መልሼ የገጠምኳት፤ ስድስት ላይ፣ እንደታሸገች። ሲያየኝ "ለዳገቱ ነው" አልኩት፤ እሱም "ለዳገቱ ነው" አለ። የሐኪሙን ወረቀት ከሻንጣዬ ስር አውጥቼ መስኮቱ ደፍ ላይ፣ ሁለታችንም የምናየው ቦታ ጣልኩት። ቀጠሮው በሚመጣው ወር ነው። ስለ እሱ አልተነጋገርንም።

መጨረሻ ላይ አዲሱ ቺንጋ ገባ። የመወጠሪያዋን ብሎን እኔ ያዝኩ። ፉጨት ራቅ ብሎ፣ ጨርቅ የሚፈልግ መስሎ ቆመ። በቀኝ እጄ አጠበቅኳት፤ ትከሻዬን ጨምሬ፣ አቃስቼ፣ እጄ "በቃ፣ ደርሷል" እስክትለኝ። ከዚያ የቢጫውን ቀለም ክዳን ከፈትኩና ብሩሹን ነከርኩ። ብሎኗ ጋ ሳደርሰው እጄ ቆመ።

"ና እዚህ" አልኩት። "ቀጯን አምጣት።"

"እትዬ፣ ይቅር። አንቺ ካጠበቅሻት..."

"አምጣት ነው የምልህ!"

አመጣት። ልኳን ሞላ። ሊያሳርፋት ሲል አንዴ ፊቴን አየኝ፤ ሰው በር ሳያንኳኳ ሊገባ ሲል እንደሚያመነታው። አሳረፈና ገፋ።

ብሎኗ ዞረች። ዞረች። ግማሽ ዙር ሄዳ "ቀጭ" አለች።

ሁለታችንም ሰማናት። ፉጨት መፍቻውን ከብሎኗ ላይ አላነሳም፣ ቀና ብሎም አላየኝም። የቢጫው ቀለም ብሩሼ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ጫማዬ ላይ ጠብ አለ።

ብሩሹን ቆርቆሮው ውስጥ መለስኩት። ከመደርደሪያው የእሱን ነጭ ቀለም አወረድኩ፣ በግራ እጄ ከፈትኩ፣ ብሩሹን ነክሬ ዘረጋሁለት። ወሰደው። ይዞት ቆመ።

"ምን ታየኛለህ?" አልኩት። "ሳይደርቅብህ ነጥቡን አታደርግም!"